ለዓለም ሁሉ ክፍት፣ ለእኔ ዝግ

ጥብርያዶስ፣ ሲቫን 19 (በዕብራውያን አቆጣጠር)

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ናፍታሊ ታውበር
የ«ጾሪ» የሕክምና መጽሔት ዋና አዘጋጅ፣ ሃይፋ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔስ ደህና ነኝ እንዳልልዎት፣ ደህና አለመሆኔን የነገረኝ የእርስዎ መጽሔት ነው።

ስሜን ያስታውሱት ይሆናል። ጌዑላ ኤልሐራር ነኝ። በሴቶች ትምህርት ቤት ቅዱሳት መጻሕፍትን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። መጽሔታችሁ ለማንም በነጻ ክፍት ስለሆነ ከተማሪዎቼ ጋር እያነበብን ብዙ ተከራክረንበታል። አንዴ ኤልሳዕን ኤልያስ ብላችሁት ጽፌ አርሜያችኋለሁ፤ እርስዎም በትሕትና አመስግነውኛል። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አዲስ እትም ሲወጣ ሳላነብ አልቀርም። ባልቀርም ነው ጉዱን ያየሁት።

በዚህ ወር እትም ዶክተር ዮአሽ ሄክት «ከታካሚ እውነትን መሰወር፦ ምሕረት ወይስ በደል?» የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። ስለ አንዲት ሴት ነው። ሴትየዋ ቆሽቷ ላይ ካንሰር አለባት፣ አትድንም፣ እሷ ግን አታውቅም። ልጇ እንዳይነገራት ለመነች፣ ረቢያቸው ፈቀዱ፣ ሐኪሙም «ቆሽትሽ ተቆጥቷል» ብሎ ኪኒን ሰጥቶ ሸኛት። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩላት። ይቺ ምስኪን አልኩ። ሻይዬን እየጠጣሁ ነበር።

ቀጥሎ ሐኪሙ ሊነግራት በገባ ጊዜ እሷ ያለችውን ቃል በቃል አስፍሮታል፦ «ዶክተር፣ ምነው ፊትህን እንደ ፋሲካ ዋዜማ ቤት ጠራርገህ መጣህ? እርሾ የነካው ፍርፋሪ እንኳ አልቀረበትም።»

ፕሮፌሰር፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ለዶክተር ሄክት፣ በገዛ አፌ። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እንዳልታወቅ ብላችሁ ከጥብርያዶስ አንስታችሁ ወደ ደቡብ ወስዳችሁኛል፤ ዕድሜዬን ቀንሳችሁልኛል፣ ለዚህስ አመሰግናለሁ። መምህርቷንም የፒያኖ አስተማሪ አድርጋችኋታል። ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። ቀልዴን ግን አልለወጣችሁትም፤ ጽሑፉን ያሳምርላችኋላ!

አሁን ሁለት ነገር ይመልሱልኝ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም? እኔ ከሆንኩ ደግሞ፣ የምሞት መሆኔን ከሃይፋ እስከ ሜልበርን ማንም ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንዲያውቅ ሲደረግ፣ ከሰው ሁሉ ለይታችሁ እኔን እንዴት ረሳችሁኝ?

መልስዎን እጠብቃለሁ። ቆሽቴ አሯል፤ ይህን ስል ግን ተረት እየተረትኩ አይደለም።

ጌዑላ ኤልሐራር


ሃይፋ፣ ሲቫን 24

ክብርት ወይዘሮ ኤልሐራር፣

ደብዳቤዎ ደርሶናል። መጽሔታችን ለአንባቢዎቹ አስተያየት ምንጊዜም ከፍ ያለ ግምት ይሰጣል።

በጽሑፉ የተጠቀሰችው ታካሚ ማን እንደሆነች ለማረጋገጥም ሆነ ለማስተባበል የታካሚዎችን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ አይፈቅድልንም። ሆኖም ስጋትዎን በቀላሉ የምናየው አይደለም። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ጽሑፉን ከድረ ገጻችን ለማንሳት ዝግጁዎች ነን። ይህ ሁኔታ ላደረሰብዎት ጭንቀት ከልብ እናዝናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ፕሮፌሰር ናፍታሊ ታውበር


ጥብርያዶስ፣ ሲቫን 28

ለፕሮፌሰር ታውበር፣

«ይህ ሁኔታ።» ሁኔታው እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር። ስም አለኝ።

እናንተ ማረጋገጥ ካልቻላችሁ የሚያረጋግጥልኝ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። ዓርብ ዕለት ልጄ ኦሽራት ለሰንበት ዓሣ ይዛልኝ መጣች። ሳሎን እንደገባች ጠየቅኋት።

«ኦሽራት፣ ፒያኖ የተማርኩት መቼ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው፣ እማ?»

«ሐኪሞችሽ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች ብለው ጽፈዋል። በዚያ ላይ ትሞታለች ይላሉ።»

ዓሣውን እንዳቀፈች ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷ በሰበሰ፤ አላስተዋለችም።

«እንዳትሰበሪ ብለን ነው፣ እማ።»

«ሸክላ ነኝ?»

«አባዬ ሲነገረው ምን እንደሆነ አይተሻል። ከዚያ ቀን በኋላ አፉን አልከፈተም፤ ፊቱን አዙሮ ሞተ። ረቢውም ፈቅደውልናል።»

«የታመመው የረቢው ቆሽት ነው እንዴ? የራሳቸው ከሆነ ይፍቀዱ!»

አለቀሰች፤ እኔም ጮኽኩባት። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበችው። ከዚያ ዓሣውን ጠበስነው፤ ሰንበት እየገባ ነዋ፣ ምን ይደረጋል። በላን። ከጠረጴዛው ስትነሳ «ካንሰር» የሚለውን ቃል አልተናገረችም። ከመጣችበት ሰዓት እስክትሄድ አንድም ጊዜ ከአፏ አልወጣም።

ጽሑፉን እናነሳለን ላሉት፦ እንዳታነሱት። አንዴ ደበቃችሁኝ፤ አሁን ደግሞ መደበቃችሁን ልትደብቁ ነው? እዚያው ይቀመጥ። እኔ መልስ እጽፍበታለሁ፣ እናንተም ከጎኑ ታወጡታላችሁ።

የምጽፈውንም ከወዲሁ ልንገርዎት። ዶክተር ሄክት ነቢዩ ኤልሳዕን ምስክር ጠርቷል፤ ንጉሡ እንደሚሞት እያወቀ «ትድናለህ» ብሎ ላከበት ይላል። መልእክቱን ይዞ የሄደው ሰውዬ በማግስቱ ንጉሡን በእርጥብ ጨርቅ አፍኖ እንደገደለው ግን አልጻፈም። ምነው ዘለለው? ደግሞ ኢሳይያስን ይወቅሳል፤ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ሞቱን እንቅጩን ነገረው ብሎ። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አልቅሶ ዕድሜ የተጨመረለት እኮ ስለተነገረው ነው! ባይነገረውስ ምን ብሎ ሊጸልይ ነበር? «ቆሽቴ ስለተቆጣ ማርልኝ» ሊል?

ጌዑላ


ሃይፋ፣ ታሙዝ 7

ውድ ወይዘሮ ጌዑላ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ አሳፍሮኛል። የጻፈው የሕግ አማካሪያችን ነው፤ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የእኔ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ፦ አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ሕጉ ይህን እንዳልጽፍ ይከለክለኛል። ቢሆንም ጽፌዋለሁ።

ለሁለተኛው፣ እርስዎን እንዴት ረሳንዎት ለሚለው፦ ጽሑፉን ሁለት ገምጋሚዎች አይተውታል፤ አንደኛው ሐኪም፣ ሁለተኛው ሐኪምም ረቢም ነው። ስለ ኤልሳዕ ወር ሙሉ ተከራክረዋል። የእኛ ደንብ የታካሚውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዶክተር ሄክት «ፈቃድ ከቤተሰብ ተገኝቷል» ብሎ ሞላ። ከሁላችንም አንድ ሰው ተነስቶ «ሴትየዋ ታነበው ይሆን?» አላለም። እኔም አላልኩም። ጥሩ ጽሑፍ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለዶክተር ሄክት ደወልኩለት። «ታነባለች ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። «ለማንም ክፍት በሆነ መጽሔት ላይ?» አልኩት። «የሚያነቡን እኛው ነን ብዬ ነው» አለ። እኛው! ይህንን መጽሔት ስንመሠርት በሩን ገንጥለን የጣልነው ሕሙማንም ቤተሰቦቻቸውም እንዲገቡ ነበር። ለካስ የገባ ሰው ቢኖር ምን እንደምንለው አስበን አናውቅም።

ስንት ጊዜ እንደቀረዎት ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። እኔ የሳንባ ሐኪም ነኝ፤ ብገምት ሌላ ውሸት ይሆናል። እዚህ ሃይፋ ውስጥ የምተማመንባት የካንሰር ሐኪም አለች። ነገር አታስጌጥም፤ አንዳንዶች ይህንን አይወዱላትም። ከፈቀዱልኝ ዛሬውኑ አነጋግራታለሁ።

ይቅርታ ብጠይቅዎት ርካሽ ይመስልብኛል፤ ስለዚህ ለጊዜው ባለዕዳ ሆኜ ልቆይ።

ናፍታሊ ታውበር


ጥብርያዶስ፣ አቭ 12

ለፕሮፌሰር ታውበር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመልስ መዘግየቴን አይቀየሙኝ፤ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ሐኪምዎን አየኋት። እንዳሉኝም አታስጌጥም። ወንበሯን ወደ እኔ ስባ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፕሮፌሰር፣ ይህን ጥያቄ ያቺ ሴት እስክትጠይቀኝ ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ሁሉንም» አልኳት። ነገረችኝም። መጪውን ክረምት ማየቴ ያጠራጥራል። በዚያን ጊዜ፣ ገና ሲታወቅ ቢጀመር፣ መድኃኒቱ ጥቂት ወራት ይጨምርልኝ ነበር፤ በብዙ ስቃይ። አሁን ሰውነቴ ደክሟል፤ ከፈለግሁ ግን ልንሞክረው እንችላለን አለች።

ኦሽራት ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«አልፈልግም» አልኩ። ያው ኦሽራት፣ ረቢውና ዶክተር ሄክት ጓዳ ገብተው የመረጡልኝ ነገር ነው። አሁን ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልዩነቱ ለዶክተር ሄክት የማይገባው ከሆነ ሌላ ሙያ ይፈልግ።

ከዚያ አሽዶድ ወረድኩ፣ እህቴ ፎርቱና ዘንድ። በእናታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ከተኳረፍን ዘመን የለውም። «ከዳስ በዓል በኋላ እሄዳለሁ» እያልኩ በየዓመቱ አስተላልፌዋለሁ። ሐኪሜ ያኔ እውነቱን ባይደብቀኝ ኖሮ ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ነበር፣ ገና እግሬ ሲጸና። አሁን ደረጃውን ተሸክመው ነው ያወጡኝ። ፎርቱና በሩን ከፍታ አየችኝና «ከስተሻል» አለች። «እየሞትኩ ነው» አልኳት። «ታዲያ ምን በር ላይ ገተረሽ፣ ግቢ!» አለች። ሳምንት ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ለሰንበት በሚጣደው ድስት ውስጥ ስንዴው ከሥጋው በፊት ይገባል ስል፣ እሷ በኋላ ስትል ተጣላን፤ ድሮ የተጣላነው በባሰ ነገር ስለነበር ሁለታችንም ደስ አለን።

መልሴን በዚሁ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። አጭር ነው። አርሙት፣ ነጥብ ጨምሩ፣ ቀንሱ። አንድ ነገር ብቻ አትንኩብኝ፦ ከታች ሙሉ ስሜ አለ፣ ከተማዬም አለ። የደቡብ ሴት አይደለሁም።

ጌዑላ


ሃይፋ፣ አቭ 26

ውድ ወይዘሮ ጌዑላ፣

ስለ እህትዎ ያነበብኩትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ የስንዴው ነገር ላይ ከእርስዎ ጋር ናት።

መልስዎን ትናንት ለአዘጋጆች ቦርድ አቀረብኩት። ጨርሼ ሳነብላቸው አንድ ባልደረባችን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔም እንግዲህ አለቀ ብዬ ወረቀቴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

አላለቀም ነበር። መጥፎ ዜና መሆኑን አውቄ ነው የምጽፈው፤ ይህን ያህል ከእርስዎ ተምሬያለሁ። ቦርዱ ጽሑፍዎን «አንዲት ታካሚ» በሚል መጠሪያ እንዲወጣ ወስኗል። ስምዎ አይወጣም። የሕግ አማካሪያችን እንዳስረዱን፣ ስም ከወጣ በመጽሔታችን የተጻፈባት ታካሚ ማንነቷ ይገለጣል፤ ይህም የታካሚ ምስጢር ማባከን ነው። ደግሞም ሐኪም ከታካሚ እውነትን ለመሸሸግ የሆስፒታሉን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማስፈቀድ አለበት፤ ዶክተር ሄክት አላስፈቀደም፣ ስምዎ ከወጣም ይህ ይነሳል ብለው ፈርተዋል። ይህን ሁለተኛውን ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈሩትም።

ተከራከርኩ። ተሸነፍኩ። ቢያንስ ቃላቱ እንዲወጡ ይፈቅዱልን ይሆን? ዶክተር ሄክትም «ይቅርታ እንድጽፍላት ይፈቀድልኝ» ብሏል።

ናፍታሊ ታውበር


ጥብርያዶስ፣ ኤሉል 2

ለፕሮፌሰር ታውበር፣

አልፈቅድም!

ደብዳቤዎን ሳነበው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ፤ ሐኪምዎ ደምዎ እንዳይፈላ ብላኝ ነበር፣ ለእሷም ይንገሩልኝ፤ ሕመሙም ማታ ማታ ጨምሯል። የራሴን ምስጢር ከራሴ ሊጠብቁልኝ ነው? ለዓለም ሁሉ ስትበትኑት ሕግ አልነበረም፣ እኔ «ይኸው እኔ ነኝ» ስል ሕግ ተወለደ? እኔ ሳላውቀው የማን ምስጢር ነበር? የእናንተ። አሁንም እየጠበቃችሁ ያላችሁት የእናንተኑ ነው።

ለዚያ አማካሪያችሁ ይንገሩልኝ፤ ልጆች ሳስተምር በፈተና ወረቀት ላይ ስሟን ያልጻፈች ልጅ ነጥብ አላገኘችም። «መልሱ ልክ ነው እኮ፣ መምህርት!» ይሉኛል። «ልክ ነው፣ ግን የማን ነው?» እላቸዋለሁ።

«አንዲት ታካሚ» መሆን በቃኝ። ግማሽ ዓመት ሙሉ አንዲት ታካሚ ነበርኩ። ስሜ ካልወጣ ቃሌንም መልሱልኝ፤ የገበያ መንገድ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ፣ እሱም ለማንም ክፍት ነው።

ዶክተር ሄክት «ይቅርታ እንድጽፍላት ይፈቀድልኝ» ማለቱን ነግረውኛል። አይፈቀድለትም። ይቅርታ በፖስታ አይላክም። የማስተሰረያ ቀን እየመጣ ነው፤ ሰው የበደለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ደጅ የሚጠናበት ወቅት ነው። ጥብርያዶስ ሩቅ አይደለችም። አውቶቡስም አለ።

ጌዑላ ኤልሐራር
(ከነሙሉ ስሜ)


ሃይፋ፣ ኤሉል 15

ውድ ወይዘሮ ጌዑላ፣

ቃልዎን አልመልስልዎትም። ስምዎም ይወጣል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። በየእትሙ መጀመሪያ የአዘጋጁ ገጽ የሚባል አለ። እስከ ዛሬ የበዓል መልካም ምኞትና አሰልቺ ምክር ስጽፍበት ኖሬያለሁ፤ በዚያ ገጽ ላይ የሚወጣው በእኔ ውሳኔ ብቻ ነው። የመለከት በዓል ሲያልፍ በሚወጣው እትም ያንን ገጽ ለእርስዎ ለቅቄዋለሁ።

ለዶክተር ሄክት ስለ አውቶቡሱ ነግሬዋለሁ። «ምን እላታለሁ?» አለኝ። «ያላልካትን» አልኩት።

እርስዎ በርቱልኝ። ሕመሙ ማታ ማታ መጨመሩን ለሐኪሟ አስተላልፌያለሁ፤ ነገ ትደውልልዎታለች።

ናፍታሊ ታውበር


ጥብርያዶስ፣ ቲሽሪ 8

ለፕሮፌሰር ታውበር፣

መልካም ፍርድ ይጻፍልዎ። ከነገ ወዲያ የማስተሰረያ ቀን ነው፤ ጾሙን ተከልክያለሁ። የከለከሉኝ እኚያው ረቢ ናቸው። በዚህ ጊዜ ግን ቤቴ ድረስ መጥተው ምክንያቱን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ሰው ይማራል።

አውቶቡሱን የነገሩት ሰው ትናንት መጣ። ያን ሁሉ የጻፈ ሰው በሬ ላይ ሲቆም የትምህርት ቤት ልጅ ይመስላል። የማር ኬክ ይዟል፤ የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

«አስቀምጠውና ተቀመጥ» አልኩት። «ውሃ ጠጣ። ከዚያ ያኔ ልትነግረኝ የመጣኸውን ንገረኝ።»

«ያውቁታል እኮ፣ ወይዘሮ ጌዑላ።»

«ያወቅሁት ከኢንተርኔት ነው። ከአንተ አልሰማሁም።»

ውሃውን ጨለጠው። «በተነሳው ምስል ላይ በቆሽትዎ ራስ በኩል የታየው እብጠት...»

«ዮአሽ፣ ለምስሉ አይደለም። ለእኔ ንገረኝ።»

አቀረቀረ። ኦሽራት ማድ ቤት ውስጥ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው።

«ካንሰር ነው» አለ። «አይድኑም። ያን ዕለት ልነግርዎት ነበር የገባሁት፣ እውነቴን ነው። በሩ ላይ ቆሜ ስለማመድ ነበር። እርስዎ ያንን ቀልድ አሉኝ፤ ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ አፌ እምቢ አለኝ። ኮሪደር ላይ ልጅዎ ‹እባክህ አትንገራት› ስትለኝ እግዜር ገላገለኝ አልኩ። ከዚያ ለምን ደግ እንደሠራሁ የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፍኩ።»

«ፈርተህ ነው» አልኩት።

«ፈርቼ ነው።»

«ይህን ነበር መጻፍ የነበረብህ። ከኤልሳዕ ይልቅ ይሄ ይጠቅም ነበር።»

አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም ነበር። ኬኩን ቆርሼ ሰጠሁት። ይቅር አልኩት ወይ? ለፈራው ይቅር ብዬዋለሁ። በጽሑፉ «ታካሚዋ ባለማወቋ ደስተኛ ሆና ቀጥላለች» ላለው ግን አላልኩትም፤ እንደዚህ ብዬ ነው የሸኘሁት። ደስተኛ መሆኔን ማንን ጠይቆ አወቀ? ያንን ዓረፍተ ነገር በስሙ ፈርሞ እንዲያርመው ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል።

ጌዑላ


ሃይፋ፣ ቲሽሪ 25

ውድ ወይዘሮ ጌዑላ፣

ወጣ። በአዘጋጁ ገጽ፣ ከነስምዎ፣ ከነከተማዎ። የዶክተር ሄክትም እርማት ከዋናው ጽሑፍ ሥር ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን የመጡልኝን ደብዳቤዎች አንብቤ አልጨረስኩም። አንዲት ነርስ ከቤርሼባ «ገጹን አትሜ የሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለጠፍኩት፤ ሲቀድዱት መልሼ ለጠፍኩት» ብላለች። አንድ አዛውንት ሐኪም ሰድበውኛል፤ ከነፊርማቸው።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። ቦርዱ ጥቂት አጉረመረመ፣ አሁን ረጋ ብሏል። እርስዎ ስለዚህ አያስቡ፤ ዕረፍት ያድርጉ። እኔም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ትንሽ ማረፍ አስቤያለሁ፤ ባለቤቴ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ስትለምነኝ ነበር።

ስለ ጤናዎ አንድ ቃል ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ናፍታሊ ታውበር


ጥብርያዶስ፣ ሔሽቫን 11

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ታውበር፣

ይህን የምጽፈው እኔ ኦሽራት ነኝ፤ የምትናገረው እናቴ ናት። እጇ ብዕር መያዝ እምቢ ብሏል። «የምለውን እንደምለው ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው» ብላኛለች።

እንዲህ ትላለች፦

ፕሮፌሰር፣ እርስዎም? እርስዎም እንደነሱ? «እዚህ ሁሉ ሰላም ነው» ብለው ጻፉልኝ። ኦሽራት መጽሔቱን ስትከፍትልኝ፣ መግቢያው ላይ በትልቁ «የአዲስ ዋና አዘጋጅ ምርጫ» የሚል ማስታወቂያ አለ። «ፕሮፌሰር ታውበር ኃላፊነታቸውን እንዲለቁ በቦርዱ ስለተወሰነ» ይላል። ትንሽ ማረፍ አስቤያለሁ! የታመመች ሴት ናት፣ አትደንግጥ ብለው ደበቁኝ አይደል? ደግሞ የት ይደብቁኛል? ማንም በሚያነበው መጽሔት ላይ! እናንተ ሐኪሞች የምትማሩት መቼ ነው?

በጣም ተቆጥቼብዎታለሁ። ቁጣው ግን ጥሩ አድርጎልኛል፤ ከሰንበት ወዲህ ገና ዛሬ ነው ሾርባ የጠጣሁት።

እነዚያን የቦርድ ሰዎች ግን አልምራቸውም። ባረጀ ሰው ላይ በር ዘግተው «የሕግ ጉዳይ ነው» ይላሉ! ለእያንዳንዳቸው ጽፌ ነበር፣ አቅሙ ቢኖረኝ። ኦሽራት ትጽፍላቸዋለች። እንደ እኔ አትሳደብም፤ ቢሆንም አስተምራታለሁ።

ሥራዎን በእኔ ምክንያት አጡ ብዬ አላዝንልዎትም። በእኔ ምክንያት አይደለም፤ እርስዎ የመረጡት ነው፣ የመረጡትን ደግሞ አልወስድብዎትም። አመሰግናለሁ። ይህንን ቃል በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አላልኩዎትም፤ ሆን ብዬ ነው፤ እስኪገባዎት ጠብቄ ነው።

ስለ ጤናዬ ጠይቀውኛል። ጻፊ፣ ኦሽራት።

እዚህ ላይ እኔ ኦሽራት ብዕሩን አስቀመጥኩ፣ ፕሮፌሰር። እንዲህ ተባባልን፦

«ጻፊ እንጂ።»

«እማ፣ ያውቁታል እኮ። ምን ያደርግላቸዋል?»

«እሳቸው ያውቃሉ። ያላልሽው አንቺ ነሽ።»

«አልችልም።»

«ዮአሽ ችሏል። አንቺ ከዮአሽ ታንሻለሽ?»

ብዕሩን አነሳሁ፤ መልሼ አኖርኩት። እሷም ጠበቀችኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም፣ ዛሬ ግን ጠበቀችኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይገባል፤ ልዝጋው ብዬ ተነሳሁ፣ «ተይው፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

ፕሮፌሰር ታውበር፣ እናቴ ካንሰር አለባት። እናቴ እየሞተች ነው።

ጻፍኩት። ጮክ ብዬም አነበብኩላት።

«እሺ» አለች። «አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ወደ እኔ ጠጋ በይ። የምንነጋገረው ብዙ አለን።»

ስለዚህ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ኦሽራት ኤልሐራር
የጌዑላ ልጅ